ውኃው ሳይሆን አየሩ፦ በጠረጴዛ ውስጥ የሚገጠም ውኃ-ቀዝቃዛ ኮምፒውተር እንዴት ይታቀድ?

መነሻ

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ ከሳተላይት ምስሎች የእርሻ መሬትን የሚለዩ ሁለት የማሽን ለርኒንግ ዘዴዎችን ሳወዳድር፣ የመጀመሪያው ዘዴ ከሁለተኛው ጎልቶ የሚታይ የፍጥነት ብልጫ እንዳለው የሚያሳይ ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ ነበር። ሠንጠረዡ ንጹሕ ነበር፤ ማብራሪያውንም ጽፌ ጨርሻለሁ። ምዕራፉን ለአማካሪዬ ልልክ ስል ግን አንድ ነገር አስተዋልሁ። የመጀመሪያውን ዘዴ ያሠለጠንሁት ሌሊት ሲሆን፣ ሁለተኛውን ያሠለጠንሁት ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ወደ ቤተ ሙከራው በምትገባበት ሰዓት ነበር። ሰዓቶቹን አቀያይሬ ሙከራውን ስደግመው የመጀመሪያው ዘዴ ብልጫ ጠፋ። የለካሁት የሁለቱን ዘዴዎች ልዩነት ሳይሆን የክፍሉን ሙቀት ነበር።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ዘመናዊ ፕሮሰሰርም ሆነ የግራፊክስ ካርድ ሙቀቱ አምራቹ ወደ ወሰነው ጣሪያ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን የሥራ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሥራውን አያቋርጥም፤ የስሕተት መልእክት አይጽፍም፤ የስሌቱንም ውጤት አያበላሽም። የሚያደርገው መዘግየት ብቻ ነው። ይህ ዝግመት ኮምፒውተሩን ለጨዋታ ለሚጠቀም ሰው ቅሬታ ከመሆን አያልፍም። ጊዜን እንደ መለኪያ ለሚወስድ ተመራማሪ ግን የተሳሳተ ውሂብ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው በጠረጴዛ ውስጥ የሚገጠም፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር ለማቀድ የተነሣሁት። ሐሳቡን የሰሙ ባልንጀሮቼ ቅንጦት አድርገው ቆጠሩት። አልፈርድባቸውም፤ እንዲህ ያለው ማሽን በብዛት የሚታወቀው በቀለማት መብራቶቹና በመስታወት ክዳኑ ነውና። ይሁን እንጂ ዕቅዱን በወረቀት ላይ ስሠራ የደረስሁበት አቋም ባልንጀሮቼም ሆኑ የውበቱ አድናቂዎች ካሉት የተለየ ነው። ውኃ ሙቀትን ያጓጉዛል እንጂ አያጠፋም። በመጨረሻ ሙቀቱን የሚቀበለው የክፍሉ አየር ነው። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ማሽን ዕቅድ መጀመር ያለበት ከክፍሉና ከአየሩ ነው፤ ጠረጴዛውም ትርጉም የሚኖረው ለአየሩ ሰፊ በር በመክፈቱ ነው። ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ ዕቃ መግዛት፣ ናሙና ሳይወስኑ መጠይቅ እንደ መበተን ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም

ኮምፒውተርና ጠረጴዛ የተገናኙት በቅርቡ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ የቀረበው ኤልጂፒ-30 የተሰኘው ኮምፒውተር መጠኑ የአንድ ትልቅ የጽሕፈት ጠረጴዛ ያህል ነበር። የአየር ጠባይ ተመራማሪው ኤድዋርድ ሎሬንዝ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የአየር ጠባይ ሞዴሉን ያሠራው በዚህ ማሽን ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድን ስሌት ከመካከሉ ሊደግም ሲል ስድስት የአሥርዮሽ አኃዝ የነበረውን ቁጥር በሦስት አኃዝ አሳጥሮ ቢያስገባ፣ ሁለተኛው ስሌት ከመጀመሪያው ጨርሶ ተለየ። ከዚያ ትዝብት ዛሬ የትርምስ ንድፈ ሐሳብ የምንለው ዘርፍ ዐደገ። የእኔ ገጠመኝ ከዚያ ታላቅ ግኝት ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ትምህርት ይጋራሉ። ከቁም ነገር ያልቆጠርነው ነገር በውጤታችን ውስጥ ገብቶ ሊገኝ ይችላል።

በውኃ ማቀዝቀዝም እንዲሁ የቆየ የምሕንድስና ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ይፋ የሆነው የአይቢኤም 3081 ኮምፒውተር የስሌት ክፍሎቹ በውኃ ይቀዘቅዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በዙሪኩ የስዊዘርላንድ ፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም አኳሳር የተባለ ሱፐርኮምፒውተር ተተከለ። ማቀዝቀዣው እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ ሙቅ ውኃ ሲሆን፣ የተሰበሰበው ሙቀት የተቋሙን ሕንፃዎች ለማሞቅ እንዲውል ታቅዶ ነበር። በዙሪክ ሙቀቱ የሚሄድበት ቦታ አስቀድሞ ታስቦበታል። እኛም ቤተ ሙከራ ውስጥ ማሽን ስናስገባ ልናነሣው የሚገባው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ሙቀቱ ወዴት ይሂድ?

የአየሩ ሒሳብ

ለዕቅዴ መነሻ የወሰድሁት አንድ የግራፊክስ ካርድና አንድ ፕሮሰሰር ነው። ኤንቪዲያ ጂፎርስ አርቲኤክስ 4090 በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 450 ዋት እንዲወስድ የተሠራ ነው። የኤኤምዲ ራይዘን 9 7950ኤክስ የተመዘገበ የሙቀት መጠን ደግሞ 170 ዋት ነው። በድምሩ 620 ዋት ይሆናል። የሚገባው የኤሌክትሪክ ኃይል በሙሉ ለማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣልና፣ ከሁለቱ ዕቃዎች ብቻ በየሴኮንዱ 620 ጁል ሙቀት መውጣት አለበት።

አየሩ በማሽኑ ውስጥ ሲያልፍ በ10 ዲግሪ ቢሞቅ ይህን ሙቀት ለመሸከም በሴኮንድ 62 ግራም ገደማ አየር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ ወደ ሒሳቡ ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በ22 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ወለል 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ እዚህ 0.9 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ማራገቢያ ደግሞ የሚገፋው በይዘት እንጂ በክብደት አይደለም፤ በተመሳሳይ ፍጥነት ሲዞር ተመሳሳይ ሜትር ኩብ አየር ይገፋል። ስለዚህ 620 ዋቱን ለማስወጣት በባሕር ወለል በሰዓት 186 ሜትር ኩብ አየር የሚበቃ ከሆነ፣ በአዲስ አበባ 247 ሜትር ኩብ ገደማ ያስፈልጋል። ይህም ዝቅተኛው መጠን ነው።

የዚህ ልዩነት ተግባራዊ ትርጉም ቀላል አይደለም። ከውጭ የምናነባቸው የማቀዝቀዣ ግምገማዎች በአብዛኛው ለባሕር ወለል በቀረቡ ከተሞች የተሠሩ ናቸው። እዚያ ‘በቂ’ የተባለ ማቀዝቀዣ እዚህ ሲደርስ አቅሙ ይጎድላል። እርግጥ የአዲስ አበባ አየር ቀጭን ቢሆንም ቀዝቃዛ ነው፤ ሙቀቱ 35 ዲግሪ በሚደርስበት የባሕር ዳርቻ ከተማ ከሚሠራ ሰው በዚህ እንሻላለን። ነገር ግን ይህ ጸጋ የሚጠቅመው መስኮቱ ከተከፈተ ነው። ርዝመቱና ወርዱ አራት አራት ሜትር፣ ቁመቱ ሦስት ሜትር የሆነ የተዘጋ ክፍል በአዲስ አበባ ከፍታ የሚይዘው 43 ኪሎ ግራም ገደማ አየር ነው። ግድግዳውና ዕቃው ምንም ሙቀት ባይወስዱ 620 ዋት ይህን አየር በየደቂቃው በ0.9 ዲግሪ ገደማ ያሞቀዋል። ግድግዳው ሙቀት ስለሚወስድ በተግባር ጭማሪው ከዚህ የዘገየ ነው፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። ማንኛውም ማቀዝቀዣ፣ የውኃም ይሁን የአየር፣ ከክፍሉ ሙቀት በታች ሊያወርድ አይችልም። ይህ ደግሞ አንድ የተለመደ ሥጋት ያስወግዳል፦ ውኃው ከክፍሉ አየር በታች ስለማይቀዘቅዝ በቱቦዎቹ ላይ ጤዛ አይፈጠርም።

ታዲያ ውኃው ምን ይጠቅማል? ውኃ በእኩል ይዘት ሲለካ ከአዲስ አበባ አየር 4,600 ጊዜ ገደማ የሚበልጥ ሙቀት ይሸከማል። በደቂቃ አራት ሊትር ውኃ ቢዘዋወር 620 ዋቱን ተሸክሞ ሲወጣ የሚሞቀው በ2.2 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ውኃው ሙቀቱን ከጠባቧ ቺፕ አንሥቶ ሰፊ ቦታ ወዳለበት ይወስደዋል። የአየሩ ቅጥነት የሚካካሰውም በዚያ ሰፊ ቦታ፣ ማለትም በራዲያተሩ ስፋት ነው።

ጠረጴዛው ለምን?

በውኃ-ቀዝቃዛ ኮምፒውተር ሠሪዎች ዘንድ የተለመደ መነሻ ግምት አለ፤ 120 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ማራገቢያ የሚሸፍነው የራዲያተር ክፍል፣ ውኃው ከክፍሉ አየር በ10 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ፣ 100 ዋት ያህል በጸጥታ ያስወጣል የሚል። ማራገቢያዎቹ በዝግታ ሲዞሩ የራዲያተሩን አቅም የሚወስነው በዋናነት የሚያልፈው አየር ክብደት ስለሆነ፣ በእኛ ከፍታ ይህን ግምት ወደ 75 ዋት ዝቅ ማድረግ ይገባል። 620 ለ75 ሲካፈል ከስምንት ይበልጣል። ስለዚህ ዘጠኝ ማራገቢያ፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ባለ ሦስት ማራገቢያ የሆኑ ሦስት ራዲያተሮች ያስፈልጋሉ። በተለመደው የኮምፒውተር ሣጥን ውስጥ ሦስቱን እርስ በርስ ሳይተናነቁ ማስገባት ከባድ ነው፤ የአንዱ ሙቅ አየር ለሌላው መግቢያ ይሆናል። 180 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ጠረጴዛ የኋላ ግድግዳ ላይ ግን ሦስቱም ጎን ለጎን ተሰልፈው ቦታ ይተርፋል። ጠረጴዛውን የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ጠረጴዛው ሌላም ጥቅም አለው። ማዘርቦርዱ በጀርባው ስለሚተኛ ከባዱ የግራፊክስ ካርድ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በክብደቱ መሰኪያውን አይጎትትም። ክዳኑ ሲነሣ ሁሉም ዕቃ ከላይ ስለሚታይ ለጥገና ጎንበስ ቀና ማለት ይቀራል። አየር የሚገባበትን በር ሰፊ አድርጎ በወንፊት መሸፈንም ይቻላል። በበጋ ወራት የግንባታ አቧራ በሚበዛበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወንፊት የአየሩን መንገድ ያጠብባል፤ የወንፊቱ ስፋት ከራዲያተሮቹ ስፋት ከበለጠ ግን ጉዳቱ ይቀንሳል።

ጉዳቶቹም በዕቅዱ ውስጥ መግባት አለባቸው። የመጀመሪያው የሰው ጉልበት ነው። የጠረጴዛ ቁመት በተለምዶ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ለማሽኑ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ከተቀነሰለት ከሥሩ የሚቀረው 55 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ በዚያ ሥር እግሩን አስገብቶ ሙሉ ቀን የሚጽፍ ሰው ወገቡን ይታመማል። የእኔ ንድፍ ይህን የሚፈታው ወርዱን በመክፈል ነው፦ ከ80 ሴንቲ ሜትሩ ወርድ የኋላው 40 ጥልቅ ሣጥን፣ የፊቱ 40 ስስ ሳንቃ ይሆናል። ሁለተኛው ጉዳት ፍሳሽ ነው። በቆመ ሣጥን ውስጥ የሚንጠባጠብ ውኃ ወደ ታች ይወርዳል፤ በተኛ ማዘርቦርድ ላይ ግን ይቋታል። ስለዚህ ማዘርቦርዱ ከሣጥኑ ወለል ከፍ ብሎ መቀመጥ፣ የቱቦ መጋጠሚያዎች በተቻለ መጠን ከላዩ መራቅ፣ ወለሉም ወደ አንድ ማዕዘን በትንሹ ማዘንበል አለበት። ፓወር ሰፕላዩ በተለየ ክፍል፣ ከማንኛውም መጋጠሚያ ርቆ ይቀመጣል። ሦስተኛው የእንጨቱ ጉዳይ ነው። ኤምዲኤፍ ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ በቫርኒሽ የተሸፈነ ኮምፖርሳቶ የተሻለ ነው፤ የሣጥኑ ወለል ደግሞ በላሜራ ቢለበጥ ይመረጣል። በመጨረሻም ጠረጴዛው ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ስንዝር ተኩል ርቆ፣ የሙቅ አየሩ መውጫ ወደ መስኮት እንዲዞር ሆኖ ይተከላል።

የውኃው ዑደት

የውኃው ክፍል ብዙ ጌጥ የሚደረግለት ቢሆንም ለማቀድ ከሁሉ ቀላሉ ነው። ፓምፑ ዝቅ ባለ ቦታ፣ የውኃ ማጠራቀሚያው ከፓምፑ በላይ ይቀመጣል፤ ፓምፕ ያለ ውኃ ከዞረ ይጎዳልና። ከዝቅተኛው ነጥብ ላይ የማፍሰሻ ቧንቧ ይገጠማል። ይህን ያልገጠመ ሰው ውኃ መለወጫው ቀን ሲደርስ ይጸጸታል። ውኃው መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን ወይስ ካርዱን ይንካ የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ ከላይ እንዳየነው ግን ውኃው በሙሉ ዙሩ የሚሞቀው በ2.2 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ለውጤቱ እምብዛም ለውጥ አያመጣም። ቱቦው አጭርና ለመፍታት ቀላል የሚሆንበት ቅደም ተከተል ይመረጥ።

የብረቶቹ ምርጫ ግን ቸል አይባልም። መዳብና አሉሚኒየም በአንድ ውኃ ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ እየተበላ ይሄዳል። ስለዚህ ብሎኮቹም ራዲያተሮቹም የመዳብ ወይም የነሐስ ይሁኑ፤ በኒኬል የተለበጠ መዳብም ይሆናል። ፈሳሹ ዲስትልድ ውኃ ሆኖ ዝገትንና አልጌን የሚከላከል ቅመም ይጨመርበታል። ዲስትልድ ውኃ በከተማችን የመኪና ባትሪ ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች ይገኛል፤ ነገር ግን በዚያው መደርደሪያ የባትሪ አሲድም ስለሚቀመጥ ጽሑፉን አንብቦና ሻጩን ጠይቆ መግዛት ግድ ነው። ንጹሕ ዲስትልድ ውኃ ኤሌክትሪክ እምብዛም አያስተላልፍም፤ በዑደቱ ውስጥ ከቆየ በኋላ ግን ከብረቶቹ ቅንጣቶችን ስለሚወስድ ‘ቢፈስም አይጎዳም’ ብሎ መተማመን አይገባም።

ከመነሣቱ በፊት ማዘርቦርዱና ካርዱ ኃይል ሳያገኙ ፓምፑ ብቻውን ለ24 ሰዓት ይሠራል። በየመጋጠሚያው ሥር ሶፍት ይነጠፋል፤ አንዲት ጠብታ ብትወርድ ወዲያው ይታያል። ከዚያም በኋላ የፓምፑ የፍጥነት ምልክት ከማዘርቦርዱ ጋር ተያይዞ፣ ፓምፑ ከቆመ ማሽኑ ራሱን እንዲያጠፋ ይደረጋል። መብራት ሲጠፋ ሙቀቱም ፓምፑም አብረው ስለሚቆሙ ሥጋቱ ያን ያህል አይደለም፤ የሚያሠጋው ኃይል እያለ ፓምፑ ብቻውን ሲቆም ነው። የውኃውን ሙቀት የሚለካ ሴንሰር መግጠምም ይገባል። የማራገቢያዎቹን ፍጥነት በቅጽበት በሚለዋወጠው የቺፕ ሙቀት ሳይሆን ቀስ ብሎ በሚለወጠው የውኃ ሙቀት መምራት ማሽኑን ጸጥተኛ ያደርገዋል።

ሊነሡ የሚገባቸው ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ‘ውኃ ሁሉንም አይፈታም’ የሚል ነው፤ ትክክልም ነው። የተጠቀሰው ፕሮሰሰር በከባድ ሥራ ላይ እስከ 95 ዲግሪ እየሞቀ እንዲሠራ ሆኖ የተነደፈ ነው። ሙቀቱ ከጠባብ ቺፕ ወጥቶ ወፍራም ክዳን ስለሚያቋርጥ፣ የቱንም ያህል ራዲያተር ቢጨመር ፕሮሰሰሩ የሚያገኘው ጥቅም ውስን ነው። ዋናው ተጠቃሚ የግራፊክስ ካርዱ ነው። እንግዲህ ሥራው በዋናነት በፕሮሰሰር የሚካሄድ ተመራማሪ ይህን ዕቅድ ቢተወው አይጎዳም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ‘ከዚህ ርካሽ መፍትሔ አለ’ የሚል ነው። ይህም እውነት ነው። የካርዱን የኃይል ጣሪያ በሶፍትዌር ከ450 ወደ 350 ዋት ማውረድ የሥራ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ኃይሉ ከቀነሰበት መጠን እጅግ ባነሰ ነው፤ ጠቅላላ ሙቀቱም ወደ 520 ዋት ይወርዳል። ይህ እርምጃ አንድ ብር አያስወጣም፤ ፍጥነቱንም ከሰዓት ሰዓት እንዳይዋዥቅ ያግዛል። አቧራ መጥረግና መስኮት መክፈትም እንዲሁ። አቋሜ ግልጽ ነው፦ እነዚህን ሳይሞክር ወደ ውኃ የሚሄድ ሰው ቅደም ተከተሉን አፍርሷል። እኔም የኃይል ጣሪያውን ዝቅ በማድረግ ዘጠኙን ማራገቢያ ወደ ሰባት ማውረድ እችል ነበር፤ ትርፉን ግን ወንፊቱ በአቧራ ለሚደፈንባቸው ሳምንታት መጠባበቂያ እንዲሆን ተውሁት።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብደኛል። የዑደቱ ዕቃዎች ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ አብዛኞቻችን የምናገኛቸው በዘመድ ሻንጣ ነው። አንድ መጋጠሚያ ቢሰበር ምትኩ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ከዚህም በላይ የድኅረ ምረቃ ተማሪ እንግዳ ነው፤ በሁለት ዓመት ይመረቃል፣ ይሄዳል። ጠረጴዛው ግን ይቀራል። ውኃውን በየዓመቱ ማን ይለውጠዋል? ወንፊቱን ማን ያጥባል? በየቤተ ሙከራችን ጥግ የተከመሩ፣ አንድ ጊዜ የአንድ ጎበዝ ተማሪ ኩራት የነበሩ መሣሪያዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ ያጡ ናቸው። እኔ ያገኘሁት መልስ ከፊል ነው። ጠንካራና ለማጠፍ ሙያ የሚጠይቁ የአክሪሊክ ቱቦዎችን ትቼ ማንም በመቀስ ቆርጦ የሚተካውን ለስላሳ የጎማ ቱቦ መረጥሁ። የመስታወቱን ክዳን በእንጨት ተካሁ። መብራቶቹን ሰረዝሁ። ለእያንዳንዱ የመጋጠሚያ ዓይነት ሁለት መጠባበቂያ በጠረጴዛው መሳቢያ እንዲቀመጥ ወሰንሁ። ውኃው ሳይለወጥ ቢቆይ እንኳ ዕቃው የተለመደ መጠን ያለው ስለሆነ፣ ተተኪው ተማሪ ሁሉንም አውጥቶ በተራ ሣጥን ውስጥ በአየር ማቀዝቀዣ ሊገጥመው ይችላል። የካርዱ የመጀመሪያ ማቀዝቀዣም ሳይጣል ከነብሎኖቹ በመሳቢያው ይቀመጣል።

ምን እናድርግ?

ከዚህ ዕቅድ ለሌሎች ይጠቅማል የምለው ከጠረጴዛው ይልቅ ልማዱ ነው። በመጀመሪያ፣ የስሌት ጊዜን የሚያወዳድር ማንኛውም ጥናት የክፍሉን ሙቀት፣ የሙከራውን ሰዓትና ማሽኑ በሙከራው ወቅት የነበረውን የሥራ ፍጥነት በዘዴ ምዕራፉ ሊመዘግብ ይገባል። እነዚህን የሚመዘግቡ ነፃ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ሥራው ጥቂት የትእዛዝ መስመሮች ብቻ ነው። የሚነጻጸሩት ዘዴዎችም አንዱ ሌሊት አንዱ ቀን ሳይሆን እየተፈራረቁ ይሠሩ። እኔ ይህን ባለማድረጌ ሐሰተኛ ግኝት ልመረቅበት ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ቤተ ሙከራ አዲስ የስሌት ማሽን ከመግዛቱ በፊት የአንድ ገጽ የሙቀት ሒሳብ ይዘጋጅ፦ ስንት ዋት ይገባል፣ በምን ያህል አየር ይወጣል፣ ሙቅ አየሩ ከክፍሉ የሚወጣው በየት ነው? የከፍታችን ቅናሽ በዚህ ገጽ ላይ ይግባ። ይህ ገጽ ቢኖር ኖሮ ብዙ ማሽኖች መስኮት በሌለው ጥግ አይቀመጡም ነበር።

ሦስተኛ፣ ከተለመደው የተለየ መሣሪያ የሚሠራ ተማሪ የጥገና መዝገብ አብሮ ይሥራ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የምርምር ጽሑፉን ይረከባሉ፤ መሣሪያውን በሥርዓት የሚረከብ ግን የለም። መመረቂያ ጽሑፍ ሲገባ ተማሪው የሠራው መሣሪያም ከነመዝገቡ ለሚቀጥለው ሰው በፊርማ ቢተላለፍ፣ የገንዘብም የድካምም ብክነት ይቀንሳል።

የእኔ ጠረጴዛ ሣጥኑ አሁን አናጢ ዘንድ ነው። ራዲያተሮቹ ደርሰዋል፤ ፓምፑ ገና በመንገድ ላይ ነው። ከዕቃዎቹ ሁሉ በፊት ያለቀው በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ የሚለጠፈው ወረቀት ነው፦ ውኃው የተቀየረበት ቀን፣ ወንፊቱ የታጠበበት ቀን፣ የክፍሉ ሙቀት፣ የውኃው ሙቀት፣ ስም። የመጀመሪያውን መስመር እኔ እሞላዋለሁ፤ ከሥሩ ሃያ ዘጠኝ ባዶ መስመሮች አሉ።